ምላጭ ወንዝ አይሻገርም

ድመቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ለቃ፣ ስልክ ማውራት የጀመረች ዕለት ሙግቴ ጥርጣሬዋን ወደ እምነት አሳደገችው። ንጹሕ ሰው ለምን ውሃ ያፈሳል? ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ ብታዳምጥ የሚሰማት የውሃ ሹሹታ ብቻ ነው። አንድ ቃል ብቻ ሾልኮ ወጣ፦ «ቀድማኝ» የሚል። የቀረውን ውሃው ዋጠው።

ሙግቴ የቤት ስሟ ነው። እናቷ እንደምትለው አፏን የፈታችው እንደ ሰው ልጅ «እማ» ብላ ሳይሆን «እኔ አይደለሁም» ብላ ነው። ስለዚህ ሕግ ልትማር ነው ሲባል ማንንም አልደነቀውም። አብራት የምትኖረው ድመቷ ደግሞ ቅጽል ስሟን ያገኘችው ኮሌጅ ውስጥ ነው። ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ትገባና ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረች ትመስላለች። ኮቴዋ አይሰማም። አሁን አንድ ቤት ሲኖሩም አይሰማም። ሙግቴ ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠች ዞር ስትል፣ ቅድም ባዶ በነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣ ታገኛታለች።

ሁለቱ ሕግ የሚማሩት በሁለት አገር ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ አገራቸው ባለ ኮሌጅ ጨርሰዋል፤ የቀረውን ባሕር ማዶ ባለ አጋር ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ዲግሪውን የሚሰጠው የማዶው ነው። ኮሌጁ በሩ ላይ የሁለቱን አርማ ጎን ለጎን ሰቅሏል፤ የራሱን አሳንሶ፣ የማዶውን አተልቆ፣ እንደ ደሃ ዘመድ። ከክፍላቸው ለማዶው ያለፉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የሚኖሩትም ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቤት ነው። ከታች ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ የነሱ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ።

ጣጣው የመጣው ከውል ሕግ ፈተና በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሙግቴ መልእክት ላከ። ከመልሶችሽ አንዱ ከሌላ ተማሪ መልስ ጋር ከሚጠበቀው በላይ ተመሳስሏል፤ የሥነ ሥርዓት ጉባኤው ይጠራሻል፤ እስከዚያ ስለ ጉዳዩ ከማንም ተማሪ ጋር እንዳትነጋገሪ፤ ከፈለግሽ ማብራሪያሽን ጽፈሽ አስቀድመሽ አስገቢ ይላል። የትኛው መልስ እንደሆነ አይልም። የትኛው ተማሪ እንደሆነም አይልም።

ይበል አይበል፣ ሙግቴን አልቸገራትም። ፈተናው የተሰጠው የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመሮች ተሠምረዋል፤ ጠረጴዛዎቹም በመስመሮቹ ላይ ተደርድረዋል። ከሷ ጀርባ ማን ነበረች? ድመቷ። ትከሻዋ ላይ የሰው ዓይን ሲያርፍ እየተሰማት ነበር። ያን ጊዜ ብርድ መስሏት ሹራቧን ወደ ላይ ሳበች። አሁን ሲገባት ብርድ አልነበረም።

ጥፋተኛ ከተባለች ወደ ኮሌጇ ትመለሳለች። ኮሌጁ ደግሞ የራሱ ዲግሪ የለውም። መመለስ ማለት እጅን አጣጥፎ ቤት መቀመጥ ማለት ነው።

እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልክ የምታነሳውም አንድ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ ነው።

«እማ፣ ድመቷን ታስታውሻታለሽ?»

«ያቺን አውሮፕላን ጣቢያ ብቻዋን ስትስቅ የነበረችውን?»

«ብቻዋን አልሳቀችም፣ ስልክ እያወራች ነበር።»

«ይሁና። ምን ወሰደችብሽ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም።» የስፌት መኪናው ቆመ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዕቃሽን ቆልፊ። እህል ውሃ አብረሽ ቅመሺ፤ ልብሽን ግን እንዳትሰጫት። ይልቅ የትከሻሽን ልክ ላኪልኝ።»

«የምን ትከሻ?»

«የካባሽ ነዋ! ጥቁሩን የጠበቃ ካባ። ጨርቁን ቆረጥኩት እኮ።»

«እማ! ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል!»

«ጨርቁ ቆንጆ ነበራ። ሌላ ሰው ሳይወስደው ብዬ ነው። ቢሰፋሽ አጠብበዋለሁ፣ ቢጠብሽ አንቺ ትከሺያለሽ።» መኪናው እንደገና ተንቀሳቀሰ። «ደንበኛው ሁሉ እየመጣ ይዳስሰዋል። ‹የማን ነው?› ሲሉኝ ‹የዳኛዋ› እላለሁ።»

ሙግቴ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ጣቃው አይመለስም። እናቷ ቀሚስ ታደርገው ይሆናል። ጥቁር ቀሚስ፣ ለለቅሶ የሚሆን።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ድመቷ ላፕቶፗን ሙግቴ ስትገባ ትከድናለች። ማስረጃ። ከዚህ በፊት «ደህና አደርሽ» ስትባል «አለሁ» ትል የነበረችው አሁን «ደህና፣ አንቺስ?» ትላለች። ይኸማ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሰው በድንገት ጨዋ የሚሆነው አንድ ነገር ሲኖር ነው። ፍሪጁ ውስጥ የድመቷ መደርደሪያ ከላይ፣ የሙግቴ ከታች ነበር። አንድ ቀን ድመቷ ወተቷን አውጥታ ክፍሏ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ጀመረች።

«ወተትሽ ምን ሆነ?» አለች ሙግቴ።

«ምንም። ብርዱ ስላለ ነው። መስኮቱም ያው ፍሪጅ ነው።»

«ፍሪጁ ያለ ብርድ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«ሙግቴ፣ በእናትሽ፣ ስለ ወተትም ልንከራከር ነው?»

«መከራከር የሚፈራ ሰው ሕግ ምን ሊማር ይመጣል?»

ድመቷ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ረጅም ጊዜ አልተርገበገበም። «ሆድ ሲያውቅ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ጨርሺው እንጂ!»

«ዶሮ ማታ። ታውቂዋለሽ።» ብርጭቆዋን አጥባ፣ እንደ ልማዷ ያለ ኮቴ ወጣች።

ሙግቴ ደሟ ፈላ። እኔን ነው? እኔን! ሌባው ባለቤቱን «ሌባ» ሲል ይኸው ነው! በዚያው ቁጣዋ ማብራሪያዋን ልትጽፍ ተቀመጠች።

አጻጻፉን ያስተማሯቸው ጋሼ ድገሙ ነበሩ። ጋሼ ድገሙ አገራቸው ባለው ኮሌጅ የውል ሕግንና የክርክር ጽሑፍን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው ይኼ አይደለም፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በተናገሩ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ አድርገው «ድገሙ!» ይላሉ። ክፍሉ ብድግ ብሎ በአንድ ድምፅ ይደግማል። የሚያስተምሩትም በማዶው ቋንቋ ስለነበር፣ መድገሙ ለሕጉም ለቋንቋውም ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሰው ይልቅ አይጥ ስለሚበዛ፣ መጽሐፉም ቤተ መጻሕፍቱም እሳቸው ነበሩ። ተማሪው ሁሉ ይወዳቸዋል። ሙግቴ አሁንም ስትተኛ ድምፃቸው ይመጣባታል።

«ቀድሞ የከሰሰ ግማሹን ረታ። ድገሙ! ክስ ሦስት እግር አለው፦ ጥቅም፣ ዕድል፣ ጠባይ። ድገሙ! በትሕትና ይዘጋል። ድገሙ!»

ሙግቴ በዚያው መንገድ ጻፈች። ጥቅም፦ ድመቷ ባለፈው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ስላመጣች ማካካሻ ያስፈልጋታል። ዕድል፦ ተቀምጣ የነበረው ከጀርባዬ ነው። ጠባይ፦ ስትሄድ አትሰማም፣ ስታወራ ውሃ ትለቃለች፣ ወተቷን ትደብቃለች። የወተቱን ነገር ልትሰርዘው ፈለገችና ተወችው፤ ከሦስቱ እግር አንዱ ቢሳሳ ክሱ ያነክሳል። በትሕትና ዘግታ ላከችው። ያን ምሽት ምግብ ጣፈጣት።

የጉባኤው ቀን ሙግቴን አስቀድመው አስገቧት። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ማሞቂያው ይንጫጫል፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያሳያል። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገባቸው የማዶው የውል ሕግ መምህር ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ እስክሪብቶ የሚያኝክ ወጣት ነው።

«ስለ ፀጉር አስተካካዩ እንነጋገር» አለ መምህሩ።

ሙግቴ ፊቷ በራ። ከመልሶቿ ሁሉ የምትኮራው በዚህ ነበር። ድመቷ ለመስረቅ የመረጠችው ምርጡን ነዋ!

«አንድ ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ሸጠ» አለች። «ሲሸጥም በዚያ ከተማ ሌላ ሱቅ እንዳይከፍት ውል ገባ። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ከፈተ። ገዢው ከሰሰው። ፀጉር አስተካካዩ ረታ፤ ምክንያቱም የወንዙ ማዶ ሌላ ደንበኛ ነው።»

«ዳኛው ምን አሉ?»

«‹ምላጭ ወንዝ አይሻገርም› አሉ።»

መምህሩ እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። «የት?»

«ፍርዱ ላይ ነዋ። መጨረሻው ላይ።»

«አንብበሽዋል?»

ሙግቴ «አዎ» ልትል ከንፈሯን አዘጋጀች፤ ቃሉ ግን አልወጣም። አንብቤዋለሁ? በቃሏ ታውቀዋለች። የዳኛውን ድምፅ ሳይቀር ታውቀዋለች። ገጹ ግን ምን ይመስል ነበር?

መምህሩ ፍርዱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። አጭር ነው። ፀጉር አስተካካዩ ተረቷል። ምላጭ የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለም። ወንዝም የለም። አዲሱ ሱቅ የተከፈተው ከአሮጌው ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ፣ «የወንዝ ጎዳና» በሚባል ደረቅ መንገድ ላይ ነው።

«ጉዳዩ ያረጀ ነው» አለ መምህሩ። «በእኛ ዩኒቨርሲቲ ማንም አይጠቅሰውም። ዘንድሮ ሁለት ሰው ጠቀሰው። ሁለቱም ተረቺውን ረቺ አድርገው፣ ሁለቱም የሌለ ወንዝ ጨምረው፣ ሁለቱም ዳኛው ያላሉትን አባባል ጥቅስ ውስጥ አስገብተው። ቃል በቃል። ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

ሙግቴ መልስ አላጣችም። ችግሩ መልሱ ቅርብ መሆኑ ነበር። ጠረጴዛ የሚመታው ጣት ይታያታል። ነገር ግን ማብራሪያዋ ሰብሳቢዋ እጅ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ብላለች። አሁን «ሁለታችንም ከአንድ አስተማሪ የሰማነው ነው» ብትል፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ በጓደኛሽ ላይ ለምን ጻፍሽ?» ይሏታል። ባትል ደግሞ ድመቷ ትባረራለች። ወይም ከድመቷ ጋር እሷም። ወይም፣ እግዜር ያውቃል፣ እሷ ብቻ።

«ሌላዋን አስገቧት» አሉ ሰብሳቢዋ።

ድመቷ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቴዋ ተሰማ፤ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ሙግቴን ሳታይ ተቀመጠች።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ማብራሪያ ጽፋችኋል፤ ሁለታችሁም። ከእያንዳንዱ ጥቂት ላንብብላችሁ።» የመጀመሪያውን አነሱ። «‹ክሴ በሦስት ነጥብ ይቆማል፤ ጥቅም፣ ዕድል፣ ጠባይ። ጥቅም፦ ሙግቴ በእናቷ ፊት እንዳታፍር ከፍተኛ ውጤት ትፈልጋለች። ዕድል፦ በፈተናው መሐል እስክሪብቶ ጥላ ወደ ኋላ ዞራለች። ጠባይ፦ በር ላይ ጆሮ ትለጥፋለች፣ የሰው ወተት ትጠጣለች›…»

«ወተት?» ሙግቴ ከወንበሯ ተነሳች። «የማንን ወተት?»

«ማክሰኞ ማን ቀነሰው ታዲያ?» አለች ድመቷ በአገራቸው ቋንቋ።

«የቀነስኩት ጠብታ ነው! ለሻይ!»

«ተቀመጡ» አሉ ሰብሳቢዋ። ሁለተኛውን አነሱ። «‹ክሴ በሦስት ነጥብ ይቆማል፤ ጥቅም፣ ዕድል፣ ጠባይ።›» ቀጥለው አላነበቡም፤ ወደ መጨረሻው ገለጡ። «አዘጋጉንም ስሙት። አንደኛው ‹ይህን የማቀርበው በቂም ተነሳስቼ አይደለም፤ እውነቱ ስለከበደኝ እንጂ› ይላል።» ሌላውን አዩ። «ሁለተኛው ‹ይህን የማቀርበው በቂም ተነሳስቼ አይደለም፤ እውነቱ ስለከበደኝ እንጂ› ይላል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዳትነጋገሩ ከልክለናችሁ ነበር። ይኼንንስ ማን ከማን ገለበጠ?»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ሙግቴ የድመቷ ፊት ላይ ያየችው የራሷን ፊት ነበር፤ ሰው መስታወት ውስጥ አፉ ላይ ምግብ ተጣብቆ ሲያገኘው የሚያሳየውን ፊት።

«ጋሼ ድገሙ» አሉ ሁለቱም።

«ምንድን ነው እሱ?»

ሙግቴ አስረዳች። ስለ ጣታቸው፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ተማሪው ብድግ ስለማለቱ። እያስረዳች እንዴት እንደሚመስል ትሰማዋለች፤ ተያዘና ሽማግሌ ላይ አላከከ። መምህሩም እንደዚያው ሳይመስለው አልቀረም።

«ይኼ ለመናገር ቀላል ነው» አለ።

ሰብሳቢዋ ግን በአንድ ጣታቸው ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። «እስኪ» አሉ። «ፀጉር አስተካካዩን።»

ሁለቱ ብድግ አሉ። ማንም ተነሱ አላላቸውም፤ እግራቸው ነው የተነሳው። «አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ» ብለው በአንድ ድምፅ ጀመሩ። አንድ ላይ ተነፈሱ። ጋሼ ድገሙ የሚያስሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጠብቀው ቀጠሉ። «ወንዙን ተሻገረ» ሲሉ ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ እሳቸው ያነሱ ስለነበር። «ዳኛውም አሉ፦ ምላጭ ወንዝ አይሻገርም!» ሙግቴ ይኼን ያህል ጊዜ ስትኮራበት የኖረችው ነገር ከውጭ ሲሰማ የሕፃናት መዝሙር ነው።

መምህሩ እስክሪብቶውን ሰብሮታል። መጀመሪያ ትንታ ያነቀው መሰላት፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«ውጭ ጠብቁ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ጫፍና ጫፉን ያዙ።

«ስልክ ከማን ጋር ነበር የምታወሪው? ውሃ ለቀሽ?» አለች ሙግቴ፣ ግድግዳውን እያየች።

«ከአክስቴ ጋር።»

«‹ቀድማኝ› ያልሻትስ?»

«‹ቀድማኝ ሳትከሰኝ ልክሰሳት› ነው ያልኳት። ጆሮሽን ለጥፈሽ ነበር ማለት ነው።»

«ነበር።»

«አላልኩም?»

ተጠሩ። የሰብሳቢዋ ፀጉር ብቻ ሳይሆን ንግግራቸውም አጭር ነው። አንዳችሁ ከአንዳችሁ አልገለበጣችሁም፤ በዚህ ተማምነናል። ለዚያ መልስ ግን ውጤት የለም፤ ያላነበባችሁትን አንብበናል ብላችኋልና። የቀሩት መልሶቻችሁ ይቆጠራሉ፤ ለማለፍ ይበቃሉ፣ በጭንቅ። ዳግመኛ ያላያችሁትን ፍርድ ብትጠቅሱ እዚህ ክፍል የምትመጡት ለመዘመር አይሆንም። «የእርስ በርሱን ክስ በተመለከተ» ብለው ሁለቱን ማብራሪያ ለየባለቤቱ ሳይሆን አዛውረው ሰጧቸው፤ የድመቷን ለሙግቴ፣ የሙግቴን ለድመቷ። «እሱ የናንተ ጉዳይ ነው።»

ወደ ቤት ሲሄዱ እየተራመዱ አነበቡ። ሲደርሱ ከታች ማሽኖቹ እየዞሩ ነበር፤ ደረጃው ይርገበገባል።

«‹ስትሄድ አትሰማም›» አለች ድመቷ እያነበበች። «ይኼ ወንጀል ነው?»

«አንቺስ ‹በእናቷ ፊት እንዳታፍር› ብለሽ እናቴን ምን አስገባሽ?»

«ውሸት ነው?»

ሙግቴ የእናቷን መልእክት ከፍታ አየች፦ «ትከሻ!!!» ይላል። የስፌት ሜትር ስላልነበራት በስልኳ ባትሪ መሙያ ገመድ ከትከሻ እስከ ትከሻዋ ለካች፤ ከዚያ ገመዱን በማስመሪያ ለክታ ላከች።

ከክፍሏ ወጥታ ኩሽና ስትገባ ድመቷ ወተቱን ፍሪጁ ውስጥ መልሳዋለች። የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ወደ ጀርባ፣ ከጎመኑ ኋላ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከኮሌጅ ያመጣቻቸውን ወረቀቶች ሁሉ ዘርግታለች።

«ፀጉር አስተካካዩ ውሸት ከሆነ» አለች፣ «ጋሼ ድገሙ ያስደገሙን የባለ በቅሎዋ ሴትዮ ጉዳይስ?»

ሙግቴ ቀዘቀዘች። የባለ በቅሎዋን ሴትዮ ለሌላ ትምህርት ባስገባችው ሥራ ላይ ጠቅሳታለች። ወፍጮ ቤቱንም። የተቃጠለውን ጀልባም። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዳኛ፣ ያን ሁሉ ያማረ አባባል ተሸክማ ባሕር ተሻግራለች፤ ከመካከላቸው የትኛው የፍርድ ቤት፣ የትኛው የጋሼ ድገሙ እንደሆነ አታውቅም። ሰውየው ክፋት አልነበረባቸውም። ያ ነው የሚያስፈራው።

«ሁሉንም ማየት አለብን» አለች።

«አብረን እንያቸው?»

ሙግቴ ወረቀቶቹን አየች፣ ድመቷን አየች፣ ፍሪጁን አየች።

«ለየብቻ እንያቸው» አለች። «ከዚያ እናመሳክራለን።»

ድመቷ «ይሁን» አለች። የራሷን ድርሻ ሰብስባ ወደ ክፍሏ ሄደች። አዲሱን ጫማዋን አላወለቀችም ነበርና ኮቴዋ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ሙግቴ ቆማ አዳመጠችው። ከዚያ ባለ በቅሎዋን ሴትዮ ፍለጋ ገባች።